የማክሰኞ ለቀስተኞች

የወይንሐረግ እሸቴ ውሸት አታውቅበትም። ይህ ለምስጋና የሚነገር አይደለም። ውሸት የለመደ ሰው በልኩ ይዋሻል፣ የዋሸውን ያስታውሳል፣ ሲበቃው ያቆማል። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ከትንንሽ ሰበብ ሳታልፍ ኖራ፣ ሲጨንቃት አንድ ቀን ትዋሻለች፤ ያውም ሰፈር የሚያስነሣ ውሸት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቡራዩ በተከራየቻት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቆማ፣ ለአለቃዋ ለኤርምያስ በስልክ እንዲህ አለችው፦ «ነገ እኔ ቤት መሰብሰቡ አይሆንም። አከራዬ ወንድማቸው ሞቶባቸው ግቢው ለቅሶ ላይ ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። አገሩ ስንት ውሸት ሞልቶታል! ጉንፋን አለ፣ መብራት ጠፋ አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ። ሰው ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለቅሶን ይመርጣል?

ኤርምያስ «ውይ! ነፍስ ይማር» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሷም እፎይ ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያን ጊዜ ከአልጋው በኩል የአባቷ ድምፅ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባዬ። ለሥራ ነው።»

ጋሽ እሸቴ ኮርኒሱን እያዩ «እኔን ብትዪ አይቀልሽም ነበር?» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ለካ እሱም አይሆንም። ሰው እኮ ለመሞት መጀመሪያ መኖር አለበት። እነሱ ዘንድ እኔ መቼ ኖርኩና» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ይህ ንግግር አንጀቷን ቆረጠው። ለምን እንደቆረጠው ለማወቅ አምስት ወር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የወይንሐረግ ለልጆች ተረት ትጽፋለች። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ተረቱን በድምፅ ቀርጾ ከሥዕል መጽሐፍ ጋር ያወጣል። ሠራተኞቹ በጠቅላላ አራት ናቸው። ኤርምያስ ባለቤቱም አለቃውም ነው፤ ሱሉልታ ቤት ሠርቶ ገብቷል፣ ሠርቶ ይባል እንጂ ቆርቆሮው ቀድሞ መስኮቱ ወደ ኋላ የቀረ ቤት ነው። ሬሐና ሥዕሉን ትሥላለች፤ ዓለም ገና ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ ቤተሰቡ መንገድ ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው። ዲኖ ድምፁን ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፤ ሰበታ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። ድሮ አራቱም በየማለዳው ከየአቅጣጫቸው ታክሲ ተሳፍረው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገናኙ ነበር። ሊፍቱ ከተተከለ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ለሩብ ሰዓት ያህል ማንም ማንንም አያናግርም። ከዚያ ሕንፃው ለመንገድ ተፈልጎ ሊፈርስ ነው ተባለ።

በዚያው ሰሞን የወይንሐረግን አባት ስትሮክ መታቸው። ጋሽ እሸቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ፣ የጅቡቲን መንገድ ጉድጓድ አንድ በአንድ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ማለዳ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሚስታቸው ቀድማ አርፋለች፤ ከየወይንሐረግ ሌላም ልጅ የላቸውም። እሷም ከነበሩበት አምጥታ አልጋዋ ላይ አስተኛቻቸው፣ ለራሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋች። ለባልደረቦቿ ግን ትንፍሽ አላለችም። ምክንያት ነበራት። ቀድሞ ትሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት እናቷ ታማ ሆስፒታል ስትመላለስ «የቤት ጣጣ ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም» ብሎ አሰናብቷት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

ኤርምያስ ቢሮው ሊፈርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰበሰባቸው። «ከእንግዲህ ከየቤታችን እንሠራለን» አለ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት በስልክ እንገናኛለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በተራ አንዳችን ቤት አብረን እንውላለን፤ ተረት በስልክ ብቻ አይሠራም። ለመሆኑ ቤታችሁ ጸጥታ አለ? የሚረብሽ ሰው የለም?»

ሬሐና «እናቴ አለችልህ፤ ዓለም ገና ሆና ስትናገር ሰበታ ይሰማል» አለች። ዲኖ «እኔማ ጸጥታን በስም ብቻ ነው የማውቃት» አለ። ሳቁ። ተራው የወይንሐረግ ጋ ሲደርስ «እኔ ብቻዬን ነኝ» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ቃሏን ልመልስ ብትል ማን ይመልስላታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስብሰባ በተጀመረ ቁጥር የመጀመሪያ ሥራዋ ማይኩን መዝጋት ሆነ። ጋሽ እሸቴ ያስላቸዋል። ለመናገር ብቻ ትከፍተዋለች፣ ተናግራ ሳትጨርስ ትዘጋዋለች። «ወይንዬ፣ አትሰሚም፤ ማይክሽን ክፈቺው» የማትባልበት ጠዋት የለም። «ኔትወርኩ ነው» ትላለች። ምስኪን የቡራዩ ኔትወርክ ያልሠራው ኃጢአት ሁሉ ተለጠፈበት። አባቷ ደግሞ የዋዛ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ በሦስተኛው ቀን ገባቸው። ማይኩን ስትከፍት የጋቢያቸውን ጫፍ በደህናው እጃቸው አፋቸው ላይ ጭነው ሳላቸውን ይይዛሉ። ፊታቸው ይቀላል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ታያቸዋለች፤ እንዳላየች ትሆናለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ታፍር ነበር። በአባቷ አይደለም፣ በራሷ ነው የምታፍረው። ማፈሯ ግን ማይኩን አላስከፈታትም።

አሁን ወደ ማክሰኞ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ሐሳቡ ሲወራ ምንም አይወጣለትም ነበር። ኤርምያስ የረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባልደረባህ ቤትህ ሲመጣ ባልደረባነቱ ቀርቶ እንግዳ ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ላፕቶፕ አይከፍትም፤ ይበላል።

የመጀመሪያው ተራ የሬሐና ነበር። እናቷ ወይዘሮ ራቢአ «የልጄ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሊመጡ ነው» ብለው ከእሑድ ጀምረው ተነሡ። ሬሐናና ዲኖ ሙስሊም፣ ኤርምያስና የወይንሐረግ ክርስቲያን ናቸውና ሥጋው አንድ ድስት አይገባም። ስለዚህ የክርስቲያኖቹ ድርሻ ጎረቤት ላሉ ክርስቲያን ሴትዮ ተሰጠ፤ ሴትዮዋም ድስታቸውን ይዘው መጥተው አብረው ተጋበዙ። ሦስት ሰዓት ላይ ቁርስ ቀረበ። አምስት ሰዓት ላይ «እስቲ እንጀምር» ሲባል ሻይ መጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ምሳ ሆነ። «ብሉ እንጂ! ምነው፣ እጄ አልጣማችሁም?» እየተባለ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስባል? ዲኖ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ቀን የተሠራው ሥራ አንድ አርእስት ነው፤ እሱም በማግሥቱ ተቀየረ።

በሳምንቱ የኤርምያስ ሚስት «ከሬሐና እናት አንሼ!» አለች። ከዚያ የወይንሐረግ ተራ ደረሰ። «ግቢያችን ውሃ ጠፍቷል» ብላ ለዲኖ አሳለፈችው፤ የዲኖ ሚስት ደግሞ ከሁለቱም በለጠች። እንዲህ እየዞረ፣ የወይንሐረግም ተራዋ በደረሰ ቁጥር በሰበብ እያሳለፈች፣ እያንዳንዱ ማክሰኞ ካለፈው ማክሰኞ በአንድ ድስት እየጨመረ ሄደ። ባለተራው ከዋዜማው ጀምሮ ሥራ አይነካም፤ ሽንኩርት ሲገዛ ይውላል። ነገሩ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ግን ማን ደፍሮ «አታብሉን» ይላል? እንዲህ የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው ይባላል።

ሥራው እዚህ መካከል ተንጠለጠለ። ያዘዛቸው ድርጅት የጠየቀው አሥራ ሁለት ተረት ነበር። አራተኛው፣ ዳገት የምትፈራ የአንዲት ባጃጅ ተረት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰባቸው። «ልጆች አስደመጥን፤ መካከሉ ላይ ተነሥተው ይሄዳሉ» የሚል ማስታወሻ ነበረው። ረቡዕ ቀትር ተስተካክሎ ካልደረሰ የቀረው ሥራ ለሌላ ይሰጣል ተባለ። እነሱ በስልክ ግሩፓቸው ላይ «በጣም ያምራል»፣ «አሪፍ ነው» ሲባባሉ ነበር የከረሙት። የሰውን ሥራ በጽሑፍ መንቀፍ ከባድ ነው፤ ተጽፎ ይቀራላ። ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ አፋቸው እህል ይዞ ነበር።

ዓርብ ዕለት ኤርምያስ ቁርጡን ተናገረ። «ይህ ከቤት መሥራት የሚሉት ነገር አልሆነልንም። ሰሚት አንድ ቢሮ አግኝቻለሁ። የባጃጇ ተረት ረቡዕ ካላለፈ እከራየዋለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁላችንም እዚያ ነን።» ሰሚት! ከቡራዩ ሰሚት ማለት ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ነው፤ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ሁለት ሰዓት መግባት ነው። አባቷን በየሁለት ሰዓቱ ማን ያገላብጣቸዋል? መድኃኒታቸውን ማን ይሰጣቸዋል? ወይ ሥራው ይቀራል፣ ወይ አባቷ ብቻቸውን ይቀራሉ። ሥራው ከቀረ ደግሞ መድኃኒቱም ቤቱም ይቀራል። ከአራቱ ሰዎች ያ ማክሰኞ እንዲሳካ እንደ እሷ የጨነቀው አልነበረም። ማክሰኞው ደግሞ የእሷ ተራ ሆኖ አረፈው። እናም አስባ አስባ፣ ተረቱን ብቻዬን አስተካክለዋለሁ ብላ፣ ሰኞ ዕለት የአከራይዋን ወንድም ገደለች።

የረሳችው ነገር ቢኖር ሰው ለቅሶ ከሰማ እንደሚመጣ ነው። ለግብዣ የማይመጣ እንኳ ለለቅሶ ይመጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው ባለቤት አዴ ወርቅቱ ልብስ ሲያሰጡ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ ሦስት የማያውቋቸው ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ኤርምያስ ጥቁር ኮት ለብሷል። ሬሐና ጥቁር ተከናንባ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋለች። ዲኖ አንድ እስር የታሸገ ውሃ ትከሻው ላይ ተሸክሟል።

«እግዜር ያጽናዎት እናቴ» አለ ኤርምያስ።

«አላህ ያጽናዎት» አለች ሬሐና።

አዴ ወርቅቱ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ። «ማል ጄቱ? ምንድን ነው የምትሉት? ምን ሆኜ ነው የምጸናው?»

«የወንድምዎን ነገር ሰምተን...»

«ወንድሜ? የጉደሩ ወንድሜ? ያ ዋቃ! አምላኬ!» እጃቸው ላይ የነበረው እርጥብ አንሶላ መሬት ወደቀ። ደረታቸውን አንዴ መቱና ጩኸታቸውን ለቀቁት። ከግቢው ተከራዮች ሁለቱ ሮጠው ወጡ፤ ከአጥር ማዶ የምትኖር አንዲት ሴትም ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ማልቀስ ጀመረች። ዲኖ ውሃውን አስቀምጦ አቀፋቸው፣ እሱም ዓይኑን ይጠርጋል።

የወይንሐረግ አባቷን ስታገላብጥ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ በባዶ እግሯ ወጣች፤ የቆመችው ግቢው መሃል ነው። ሦስቱን አየች።

«አልሞቱም!» ብላ ጮኸች። «አዴ፣ ወንድምዎ አልሞቱም! እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

አዴ ወርቅቱ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ወንድማቸው ከጉደር በሦስተኛው ጥሪ አነሡት፤ እርሻ ላይ ናቸው፣ ከብት ይጮሃል። አዴ ወርቅቱ መኖራቸውን ሁለት ጊዜ ጠይቀው ካረጋገጡ በኋላ ያለ ምክንያት ተቆጧቸውና ዘጉት። ከዚያ ወደ የወይንሐረግ ዞሩ። «ሌላ ሰው አጥተሽ ነው የኔን ወንድም የገደልሽው?» አሉ። አንሶላቸውን አንሥተው ገቡ፤ እስከ ሐሙስ አላናገሯትም።

ሦስቱ ለቀስተኞች በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ከክፍሉ ውስጥ ረጅም ሳል ተሰማ። ማንም ማይክ የሚዘጋበት አልነበረም።

«ማነው ውስጥ ያለው?» አለ ኤርምያስ።

«አባቴ ነው» አለች። «አምስት ወሩ ነው። ስትሮክ።»

ገቡ። ክፍሏን አልጋውና ጠረጴዛው ሞልተዋታል። ጋሽ እሸቴ ከትራሳቸው ቀና ለማለት ታገሉ፤ ዲኖ ቶሎ ብሎ ደገፋቸው። ኤርምያስ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠና ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ቀልቷል።

«ብቻዬን ነኝ አላልሽም ነበር?»

«ብዬ ነበር።»

«አምስት ወር ሙሉ ሰው ታሞ ሳንጠይቅ! ለመሆኑ እኛን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽን?»

«ታሰናብተኛለህ ብዬ ነው» አለች። «ፈራሁ ኤርሚ። እዚህ ካልሆንኩ የሚያነሣው ሰው የለም። ፈርቼ ነው።»

ጋሽ እሸቴ «ልጄን ኋላ ትቆጧታላችሁ፤ መጀመሪያ ተቀመጡ» አሉ። በምን ላይ? ሬሐና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ኤርምያስ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ፣ ዲኖ በጀሪካን ላይ ተቀመጡ። የወይንሐረግ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚቀርብ ነገር እንደሌለ ታወሳት። ቦርሳዋን ይዛ ወደ በሩ ሄደች። «መጣሁ፣ እንቁላል ቢጤ፣ ለስላሳም...»

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ አባቷ።

«እንግዳ እኮ ነው አባዬ።»

«የምን እንግዳ? ለቀስተኛ ናቸው። ለቅሶ ብለሽ ጠርተሻቸው የለ? ለቅሶ ቤት ባለቤቷ አትነሣም። የመጣው ሰው የሚበላውን ይዞ ይመጣል፣ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ያነሣል፣ ባለቤቷን ያጽናናል። ደንቡ ይኼ ነው። ቁጭ በይ!»

ሬሐና መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ዲኖ «ጋሼ እውነታቸውን ነው» ብሎ ከእስሩ ውሃ እየመዘዘ አደለ። እንዲህ ሆኖ የወይንሐረግ በገዛ ቤቷ ቁጭ አለች፤ የምታስተናግደው ስለሌለ ደግሞ የቀረው ሥራ ብቻ ነበር። ኤርምያስ ሰዓቱን አየና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፈተ። «መቼም መጥተናል። እስቲ ባጃጇን አሰማን» አለው ለዲኖ።

ተረቱ ስድስት ደቂቃ ነው። ሲያልቅ የለመዱት «ያምራል» ሁሉም አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልጣመኝም» አሉ ጋሽ እሸቴ።

«አባዬ!»

«ጠየቁኝ እንዴ? አልጠየቁኝም። ግን ጆሮዬ ደህና ነው። ይቺ ባጃጅ በስንተኛ ማርሽ ነው ዳገት የምትወጣው? ሦስተኛ አላችሁ አይደል? በሦስተኛ መቶ ሜትር አትሄድም፤ ጠፍታ ወደ ኋላ ነው የምትንሸራተተው። ከዚያ ደግሞ ዛፉ ይመክራታል፣ ወፏ ትመክራታለች፣ ድንጋዩ ሳይቀር ይመክራታል። ዳገት ወጣች ወይስ ሸንጎ ተቀመጠች? እኔ ልጅ ብሆን እዚህ ጋ ተነሥቼ እሄድ ነበር። አሁንም ያልሄድኩት እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ኤርምያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምክሩን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«እውነቴን ልናገር?» አለች ሬሐና። «ድንጋዩን ስሥለው እንቅልፌ መጥቶ ነበር።»

«አንቺም ተናገርሽ?» አለ ዲኖ። «ባጃጇ እኮ ፈገግ ብላ ነው ዳገት የምትወጣው። የሚፈራ ሰው ፈገግ ይላል?»

«ያንተ ወፍስ? ወፍ ናት ወይስ የመኪና ጡሩምባ?»

ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ወጣ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይቀባበላል፤ ማንም አልተቀየመም። በእንግድነት ቢሆን አይደፍሩም ነበር። የወይንሐረግ ወረቀት ላይ እየሰረዘች «ታዲያ አባዬ፣ ስትንሸራተት ምን ይደረግ?» አለች።

«ምን ይደረጋል? ረዳቱ ዘሎ ይወርድና ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል። ድንጋዩን አታስመክሩት። ጎማ ሥር አስገቡት፤ የድንጋይ ሥራው እሱ ነው።»

አራቱም ተያዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ባጃጇ ተንሸራተተች፤ ውስጧ የተሳፈረች አንዲት ልጅ ዘላ ወርዳ ድንጋዩን ጎማ ሥር አስገባች፤ ባጃጇ ትንፋሿን ሰብስባ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። ምክር የለም፣ ስብከት የለም። ሬሐና ሥዕሉን እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ሣለችው። ሰባት ሰዓት ላይ የወይዘሮ ራቢአን የምስር ወጥ፣ ሁሉም የሚበላው ነውና ከአንድ ድስት፣ እየተነሡ ራሳቸው አቅርበው በሩብ ሰዓት በልተው ጨረሱ።

ዲኖ ድምፁን ሊቀርጽ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈነና መቅረጫውን አሰናዳ። የወይንሐረግ ልታነብ አፏን ስትከፍት ጋሽ እሸቴ በልማዳቸው የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው አፋቸው ላይ ጫኑ። ዲኖ አያቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳልረብሽ ነው ልጄ» አሉ በጋቢው ውስጥ።

«አይያዙት። ይሳሉ፤ ሲጨርሱ እንቀርጻለን። የት እንሄዳለን?»

ሳሉ። እስኪበቃቸው ሳሉ። አራት ሰው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። የወይንሐረግ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ይዛ አለቀሰች፤ ለቅሶ ቤት ነውና ማንም አልገረመውም።

ተረቱ ረቡዕ ከቀትር በፊት ደረሰ። መልሱ ዓርብ መጣ፦ «ልጆቹ ድገሙልን ብለዋል።» ኤርምያስ የሰሚቱን ቢሮ ተወው። የወይንሐረግን ወዲያው ይቅር አላላትም፤ ሁለት ሳምንት ያህል እንደተቀየማት ነበር፣ እሷም አልፈረደችበትም። ግን ሱሉልታም ዋሉ ሰበታ፣ ማክሰኞ በለቅሶ ደንብ ሆነ፦ ባለቤት አይነሣም፣ የመጣ ሰው ምሳውን ይዞ ይመጣል፣ ራሱ ያቀርባል። ደንቡ ያልተዋጠላቸው ወይዘሮ ራቢአ ብቻ ናቸው። «እኔ ቤት ማን ሞተና ነው!» ብለው ተቆጡ። ሲያቅታቸው ተራው ሌላ ቤት በሆነ ቁጥር ድስት ይልኩ ጀመር።

የወይንሐረግን ግን ልማድ አልለቅ አላት። በወሩ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በስልኩ ስብሰባ ላይ፣ ተናግራ እንደጨረሰች እጇ ሳታስበው ሄዶ ማይኩን ዘጋው።

«ወይንዬ፣ ማይክሽን ክፈቺው» አለ ኤርምያስ።

ከፈተችው። «ተናግሬ ጨርሻለሁ እኮ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ጋሽ እሸቴን ነው የምንፈልገው። ስድስተኛውን ተረት ትናንት ልከንላቸው የለ?»

ስልኩን ወስዳ ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ጋሽ እሸቴ ስልኩን አዩት፤ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱና ያመቁትን ሳል ሁሉ ሳሉት። ከስልኩ ማዶ ያሉት ጠበቁ።

«አላችሁ?» አሉ ሲጨርሱ።

«አለን ጋሼ» አሉ ሦስቱም። «አንቱስ አሉ?»

ጋሽ እሸቴ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

«አለሁ» አሉ። «አለሁ። አሁን ስሙኝ፤ ይኼኛውም አልጣመኝም።»